መብራት የበዛበት፣ ራም ያነሰው

«ይህን ለመግዛት ሁላችሁም ተስማምታችኋል፣ አይደል?» አለ የአይሲቲ መምህሩ ኮምፒውተር መሸጫው ውስጥ ቆሞ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን የክበቡን ገንዘብ በእጁ እየደባበሰ።

«እንዴታ ቲቸር! ሁላችንም!» አለ ዲጄ።

ዲጄ የፕሮግራሚንግ ክበቡ ሊቀመንበር ነው። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ድምፅና መብራት ካለበት ቦታ ስለማይጠፋ ነው። አሁንም የቆመው የሱቁ ንጉሥ አጠገብ ነበር፦ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ማራገቢያዎቹ ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ እያበሩ የሚሽከረከሩ ኮምፒውተር። ስክሪኑ ላይ የእሽቅድምድም መኪና ይከንፋል። የክበቡ አባላት የሆኑት መንትዮች አፋቸውን ከፍተው መኪናውን ያያሉ። ሻጩ ደግሞ የመምህሩን ኪስ ያያል።

ሌላዋ የክበቡ አባል ሚጢጢ ጫማዋን አየች። እሷን ማንም አልጠየቃትም። ዲጄ የልብ ጓደኛዋ ነው፤ ግን የተናገረው ውሸት ነው። በዚያ ላይ ክበቡ የተሰጠው ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ የት እንደደረሰ ለወላጆች የሚያሳየውን የስልክ ፕሮግራማቸውን እስከ ውድድሩ ካልጨረሱ ደግሞ የዓመት ልፋታቸው ውሃ በላው። የክበቡ አሮጌ ኮምፒውተር ኮዱን ወደ ፕሮግራም እንዲቀይር ሲታዘዝ፣ እነሱ ወጥተው ኳስ ተጫውተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ሲመለሱም ገና «ይጠብቁ» ይላል። «ዝም አይነቅዝም» ብለው የተረቱት ሰዎች በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ሠርተው አያውቁም።

«ቲቸር፣ እኔ አልተስማማሁም» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

ዲጄ ፊቱ ቀላ። «በናትሽ አታካብጂ! ፏ ያለ ዕቃ እኮ ነው፤ ጨዋታውን አላየሽም?»

«አየሁት። እኛ ግን ልንሠራበት እንጂ ልንጫወትበት አይደለም የመጣነው። ራሙ ስንት ነው?»

ሻጩ ፈገግ አለ። «የኔ እናት፣ መብራቱን ተመልከቺ፣ በሪሞት ቀለሙ ይቀየራል።»

«ራሙን ነው የጠየቅኩት።»

ሻጩ ቁጥሩን ሲናገር እንደ ምሥጢር አንሾካሸከው። ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ለመክፈት የሚያስፈልገው ይህ ማህደረ ትውስታ የክበቡ አሮጌ ማሽን ካለው እኩል ነበር። የኮምፒውተሩ ዋጋ በሙሉ የሄደው ጨዋታውን ለሚያሳምረው የግራፊክስ ካርድና ለመብራቱ ነው።

ሚጢጢ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። «የራሳችንን ሥራ እንክፈትበት።»

«ፍላሽ አናስገባም! ቫይረስ ሊኖረው ይችላል» አለ ሻጩ።

«ስካን ያድርጉት። ጫማ ሳይለኩ ይገዛሉ እንዴ?»

መምህሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። «ልጅቷ ልክ ናት። ሳይለኩ አይገዛም።»

ፍላሹ ገባ፤ ተፈተሸ። ኢንተርኔት ላይ ማስተማሪያ የሚያነቡበትን ገጽ ከፈተች፣ ኮድ የሚጽፉበትን ከፈተች፣ ስልክ መስሎ የሚሠራውን ኢሙሌተርም ከፈተች። አንድ ፕሮግራመር በተራ ቀን የሚከፍተው ይህንኑ ነው። ከዚያ ኮዱን ወደ ፕሮግራም እንዲቀይር አዘዘችው። ማራገቢያዎቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ሆኑ። የማውሱ ቀስት ግን ስክሪኑ መሃል ደርቆ ቀረ። መስታወቱ ውስጥ ሠርግ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ለቅሶ።

«ጨዋታ ላይ እኮ እንዲህ አይልም» አለ ሻጩ፣ እየተቅለሰለሰ።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና…» ብሎ ጀመረ አንዱ መንትያ። ዲጄ ሲያፈጥበት ገደሉን ሳይጠራ ዋጠው።

ሚጢጢ ዙሪያዋን ቃኘች። ከመደርደሪያው ሥር፣ ካርቶን ተጭኖበት፣ አንድ ግራጫ የቢሮ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ያገለገለ ነው፤ ጎኑ ተጭሯል፤ ከአንዲት የማብሪያ አምፖል በቀር መብራት የለውም። ሻጩ አቧራውን በክንዱ ጠረገና አበራው። ራሙ የንጉሡን እጥፍ ነበር። ያንኑ ሥራ፣ ያንኑ ሁሉ ከፍታ አዘዘችው። ዲጄ «ይኼ ቀሽም ነገር…» ብሎ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የፕሮግራማቸው አውቶቡስ በስክሪኑ ካርታ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረች።

«ሄደች!» ብለው ጮኹ መንትዮቹ በአንድ አፍ።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ዋጋውን ጠየቀ፤ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። «በተረፈውስ ምን እናድርግ?»

«ሁለተኛ ስክሪን፤ ኮዱ በአንዱ፣ ኢሙሌተሩ በሌላው። ዩፒኤስም ያስፈልገናል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራችን አብሮ እንዳይጠፋ። ቀሪው ብር ይቀመጥ፤ ራም መጨመር ስንፈልግ ማሽኑ ክፍት ቦታ አለው።»

ግራጫውን ኮምፒውተር መንትዮቹ እንደ ሙሽራ ተሸክመው ወጡ። ዲጄ ስክሪኑን አቅፎ ከኋላ ቀረ፤ ሚጢጢም እርምጃዋን ቀነሰችለት።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችው።

«እንቢ እንደምትዪ አውቄ ነዋ።» ስክሪኑን ወደ ደረቱ አስጠጋና «ሼም ነው፣ አውቃለሁ» አለ። ሚጢጢ ከእጁ ሊወድቅ የነበረውን የስክሪኑን ገመድ ይዛለት ሄደች።

በሳምንቱ መምህሩ ወደ ክበቡ ክፍል ብቅ አለ። ፕሮግራሙ አልቋል፤ አውቶቡሷ በሁለተኛው ስክሪን ላይ ያለ ችግር ትዞራለች፤ ለውድድሩ ማመልከቻቸውም ተልኳል።

«ዳይሬክተሩ እየመጡ ነው» አለ። «በገንዘቡ የሚገዛውን ዕቃ እንዴት እንደመረጣችሁ መስማት ይፈልጋሉ። ማን ነው የሚያስረዳው?»

የሁሉም አንገት እንደ ልማዱ ወደ ዲጄ ዞረ። ዲጄ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ሚጢጢን አየና ዘጋው።

ኮሪደሩ ላይ የዳይሬክተሩ ጫማ ተሰማ። ሚጢጢ ከወንበሯ ተነሳች፤ የሸሚዟን ኮሌታ አስተካከለች።

«እኔ» አለች።