ሰሌዳው ላይ የቀረው ስልሳ

ኔቪል ሆስኪን የውጤት ሰሌዳውን ቤት የኋላ በር የበረገደው ለስድብ ነበር። የቱላምቢ ተጠባባቂ የሞላላ ኳስ ቡድን ኬርዊንን በአንድ ነጥብ አሸንፎ ለዋንጫው ጨዋታ ካለፈ አሥር ደቂቃ አልሞላም። ውጤቱ ሃምሳ አምስት ለሃምሳ አራት ነው፤ ሰሌዳው ግን ለቱላምቢ ስልሳ ይላል። የኬርዊን ደጋፊዎች ወደ ሰሌዳው እየጠቆሙ «ሌቦች» ይላሉ። የክለቡ ጸሐፊ ሆስኪን ስለሆነ ስድቡን የሚቀበለውም እሱ ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ መቁጠርም አቃተህ?» አለ ገና ሳይገባ።

ክሌም ትሬጎ አልመለሰለትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆርቆሮ ቁጥሮችን ሲሰቅልበት ከኖረው የእንጨት መቆሚያ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ደሙ ከራሱ ሥር ፈሶ እስከ በሩ ደርሷል። ከሜዳው ፊት ለፊት ባለው ጠባብ መስኮት ደፍ ላይ አንድ የስጋ ፓይ ከነወረቀቱ ተቀምጧል። ስጋው ቀዝቅዟል፤ ማንም አልነካውም።

መርማሪዋ ኖላ ድዋየር አርባ ደቂቃ ነድታ ስትደርስ ቀጥሎ ሊደረግ የነበረው የዋናው ቡድን ጨዋታ ተሰርዟል። መኪኖቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሰዉ ከማለዳ ጀምሮ የመኪናውን አፍንጫ ከሜዳው አጥር ጋር አስጠግቶ፣ ቡድኑ ሲያገባ ክላክሱን ሲያስጮህ ነበር የዋለው። አሁን ክላክሱ ዝም ብሏል፤ መስኮቶቹ የተከፈቱት ለስድብ ብቻ ነው።

ከተማው ገዳዩን መርጦ ጨርሷል። ሮይስ መልዱን የሚባል የኬርዊን ደጋፊ ነው። የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ተነፍቶ ሕዝቡ ወደ ሜዳ ሲፈስ፣ እሱ እየተሳደበ ወደ ሰሌዳው ሲሮጥ ከሃምሳ የማያንስ ሰው አይቶታል። የቱላምቢ ወንዶች መንገድ ላይ ይዘው ከንፈሩን ሰንጥቀውታል። ፖሊሶች ለራሱ ደኅንነት ብለው መኪና ውስጥ ቢዘጉበት፣ መኪናውን እየወዘወዙ ለመገልበጥ የሞከሩ ነበሩ። ድዋየር በመካከላቸው ስታልፍ አንዷ ሴት፣ ሰውየው ተይዟል፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ አለቻት።

የሰሌዳው ቤት ስፋቱ ሦስት እርምጃ ነው። ሐኪሙ፣ ክሌም ከመቆሚያው ወደ ኋላ ወድቆ ራሱን በሲሚንቶው ጠርዝ መመታቱን ነገራት። ወዲያው አልሞተም፤ ሩብ ሰዓት ያህል ተንፍሷል።

«ወዲያው ቢደረስለትስ?»

«ይድን ነበር ማለት አልችልም። አይድንም ነበር ማለትም አልችልም።»

የቡድኑ ነርስ ቦርሳዋን ይዛ የቆመችው ከዚያ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር።

ድዋየር ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር አየች። የተበጠሰ ክር ተንጠልጥሎበታል። ሆስኪንን ስትጠይቀው ፊቱን አዞረ። የሽማግሌው ደብተር ማሰሪያ ነው አላት፤ ክሌም የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤትና የተሰለፈውን ሁሉ በስም ይመዘግብ ነበር። አንድ ክረምት ነፋስ ወስዶበት ከዚያ ወዲህ ያስረዋል። ደብተሩ ግን የለም።

«ፓዩስ?»

«ሁልጊዜ የጨዋታው ሦስተኛ ሩብ አልቆ ባለው ዕረፍት ላይ ይመጣለታል። እዚሁ ቆሞ ይበላል።»

«ዛሬ አልበላም።»

«እንግዲህ አልራበውም ይሆናላ» አለ ሆስኪን። «ኳስ ከተነሳች በኋላ ውሃም አይቀምስ። እንዲህ ያለ ግትር ነበር። ያንን የኬርዊን ውሻ ከመያዝ ስለ ፓይ ትጠይቂኛለሽ?»

ሆስኪን ጨዋታው እስኪያልቅ ሰዓት ጠባቂዎቹ መቀመጫ ላይ ከኬርዊኑ ሰዓት ጠባቂ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ስለማይዋደዱ አንዱ ሌላውን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከዓይኑ አላራቀም። ከሳይረኑ በኋላ ግን የት እንደነበረ የሚመሰክርለት የለም። ስለ ደብተሩ ደግማ ስትጠይቀው የሽማግሌ ጭረት ነው ብሎ በመሐረቡ አንገቱን ጠረገ።

ሮይስ መልዱን የፖሊስ መኪናው ውስጥ ሆኖ በረዶ ከንፈሩ ላይ ይዟል።

«እነዚህ ጅቦች ያሉሽን ሰምተሽ ነው የመጣሽው» አላት።

«ሰሌዳው ጋ ለምን ሄዱ?»

«ስልሳ ስለሚል! በአንድ ነጥብ መሸነፋችን አንሶ በስድስት ይጻፍብን? እኔ ከግቡ ኋላ ነበርኩ። የመጨረሻዋ ምት ምሰሶውን ስትፍቀው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምሰሶ የነካች ኳስ አንድ ነጥብ ናት፤ ሕፃንም ያውቀዋል። የግብ ዳኛውም አንድ ባንዲራ ነው ያውለበለበው። ሁለት ቢያውለበልብ ነበር ስድስት የሚሆነው። እነዚህ ግን ባንዲራውን ሳያዩ እንደ ሰርገኛ ክላክሳቸውን ያንጫርራሉ።»

«ከክሌም ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«ሃያ ዓመት ተሰዳድበናል» አለ። በረዶውን ከከንፈሩ አነሳ። «ስናገባ ‹ስቀላት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ› እያልኩ እጮኽበታለሁ። እጁን አጣጥፎ ባንዲራው እስኪውለበለብ ያየኛል። ለራሱ ቡድንም እንደዚያው ነው። ጠላቴ ነበር፤ ግን ባንዲራ ሳያይ አንድ ቁጥር ሰቅሎ አያውቅም። ዛሬ ምን እንደነካው አላውቅም።»

 ድዋየር አመስግናው ከመኪናው ወረደች። ሃያ ዓመት የተሰዳደበ ጠላት የሰጠው ምስክርነት ነው፤ የሚያደላበት ምክንያት የለውም።

የሜዳው ሻይ ቤት ጀርባውን ለጨዋታው ሰጥቶ መስኮቱን ወደ መኪና ማቆሚያው ያዞረ ነው። ፓይና ድንች የምትሸጠው ግሌኒስ ፓስኮ ባዶ የድንች መጥበሻውን ታጥባለች። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ክንዷ ላይ የዘይት ጠባሳ አለ። ሳይረኑ ከተነፋ ጀምሮ ስልሳ ሰው ተሰልፎባት ነበር፤ ሁሉም ይመሰክራሉ። ፊቷን ከመጥበሻው አላነሳችም።

«ፓዩን መቼ ወሰዱለት?»

«በዕረፍቱ። እንደ ሁልጊዜው። ልጄ መሆኑን ነግረውሻል? ያሸነፈላቸው ብሮዲ የእኔ ልጅ ነው። እሱን ጻፊው።»

«ምቱን አዩት?»

«ከዚህ ምን ይታያል? ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቆሜ አንድ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ለእናንተ ጨዋታ ነው፤ ለእኔ ድንች ነው። ክላክሱን ሰምቼ ነው የምቆጥረው። የኬርዊን መኪኖች ትንሽ ናቸው፤ ድምፃቸው ይለያል።»

«በአራተኛው ሩብ ብዙ ገዢ ነበር?»

«እኩል ለእኩል ሆኖ ማን ከአጥሩ ይለቃል?» አለች። ወዲያው መጥበሻውን ጠንክራ ማሸት ጀመረች።

ድዋየር ወደ ክለቡ አዳራሽ ሄዳ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ደጋፊዎቹ እርስ በርስ ይነታረካሉ፤ የሞተውን ሰው ትተው ስለ ድሉ። አንዱ ምቱ በግራ እግር ነው ይላል፣ ሌላው አንተ ሰካራም በቀኝ ነው ይለዋል። የኬርዊን ሰዎች ከጥግ ሆነው፣ እናንተ ባንዲራ የማታዩ ዕውሮች ናችሁ ይሏቸዋል። አንዲት አሮጊት፣ ክሌም በሠላሳ አንድ ዓመቱ ዛሬ ተሳሳተ፣ ቁጥሩ ከክላክሱ ጋር እኩል ነው የተለወጠው፤ ዳኛው ገና ባንዲራውን አላነሳም ነበር አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የፓስኮ ልጅ ግን ክረምቱን ሙሉ እጁ በጀሶ ታስሮ ነበር፣ ከዚህ ቡድን ጋር ስንት ጨዋታ ተጫውቶ ነው ለዚህ የበቃው ሲሉ፣ ሆስኪን ከማዶ ሆኖ አሮጊቷን ዝም አሰኛቸው። በዚያ ሊግ በቡድኑ ውስጥ አራት ጨዋታ ያልተሰለፈ ሰው ለዋንጫ ፉክክር አይሰለፍም፤ ከተሰለፈ ድሉ ይነጠቃል።

ድዋየር አብሯት የመጣውን ፖሊስ ጠርታ ወደ ሻይ ቤቱ ላከችው።

ሲመለስ አራቱን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው፤ ሆስኪን፣ ሮይስ፣ ግሌኒስ፣ ማሊያውን ያላወለቀው ብሮዲ። ሌላው ሕዝብ በግድግዳውና በመስኮቶቹ ላይ ተደረደረ። አንዱ ከኋላ፣ ሮይስን እሰሪውና እንሂድ አላት።

«ሁላችሁም ክሌም የሞተው ከሳይረኑ በኋላ ነው አላችሁ» አለች ድዋየር። «ምክንያታችሁ ሰሌዳው ነው። ስልሳን የሰቀለ ሰው በሕይወት አለ ብላችሁ ቆጠራችሁ። እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር።»

«እና ምን ይባላል?» አለ ሆስኪን።

«ክሌም ባንዲራ ሳያይ ሰቅሎ አያውቅም። ስልሳው የተሰቀለው ባንዲራው ሳይነሳ ነው። ስለዚህ የሰቀለው ክሌም አይደለም። ያኔ እሱ ሲሚንቶው ላይ ነበር፤ አጠገቡ ያለው ሰው ሰሌዳው ከቆመ ጩኸት ተነስቶ ሰው እንደሚመጣ ስላወቀ ቁጥሩን ለወጠለት።»

ከኋላ የቆሙት ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ።

«እንግዲህ ከሳይረኑ በኋላ ማን የት ነበር የሚለው ጥያቄ አይረባንም። የሚጠየቀው ከሳይረኑ በፊት ማን የት እንደነበር ነው። ሮይስ ከግቡ ኋላ ነበር፤ ኳሷ ምሰሶውን ስትፍቅ ሰምቷል፣ አንዱን ባንዲራ አይቷል። ያየ ሰው ስልሳ አይሰቅልም። ሆስኪን የሚጠላው ሰው ጎን ተቀምጦ ነበር። የቀረው ፓዩ ነው። ክሌም በዕረፍቱ ይበላል፤ ኳስ ከተነሳች ግን አይነካም። ፓዩ ሙሉውን አለ። ስለዚህ የደረሰው በዕረፍቱ ሳይሆን ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው።»

ግሌኒስ ቀና አላለችም።

«ሰሌዳው ላይ ስልሳን የሰቀለው በክላክስ የሚቆጥር ሰው ነው» አለች ድዋየር። «የሰሌዳው ቤት መስኮት ፊትዎ ነበር፣ ግሌኒስ። አንገትዎን ቀና ቢያደርጉ ባንዲራው ይታይዎት ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ቀና ብለው አያውቁም።»

ፖሊሱ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከቀዘቀዘው ድንች ከረጢት ሥር ነበር፤ ሽፋኑ በረዶ ይዟል፣ የተበጠሰው ክር አሁንም አብሮት አለ። ድዋየር ገልጣ አነበበች። የብሮዲ ፓስኮ ስም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የተጻፈው። በክለቡ መዝገብ ግን አራት ነው። የአራተኛው ፊርማ የሆስኪን ነበር።

«ሌባ» አለው ሮይስ በዝግታ።

ግሌኒስ እጆቿን ሽርጧ ላይ ጠረገች፤ ደረቅ ነበሩ።

«ፓዩን ስሰጠው ነው የነገረኝ» አለች። «‹ሳይረኑ እንደተነፋ የልጅሽ ነገር ይወጣል፣ አንቺ ቀድመሽ እወቂው ብዬ ነው› አለኝ። ደብተሩን ይዤ ሳብኩ። እሱም ሳበ። ገፋሁት።»

«ይተነፍስ ነበር?»



«ክላክሱ ጮኸ» አለች። «ልጄ አገባ አልኩ። ቁጥሩን አነሳሁ።»

 ብሮዲ እናቱን ሳይሆን ደብተሩን ያያል።

«እማ» አለ፣ «ለክሌም የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ግሌኒስ ዞራ አየችው።

ሐሙስ ዕለት ሰሌዳው ቤት ሄዶ፣ አራተኛውን ጨዋታ እንዳልተጫወተ፣ ሆስኪን ዝም በል እንዳለው ነግሮት ነበር። ሽማግሌው ደብተሩን ገልጦ ቆጠረለት፤ ሦስት። ከጨዋታው በፊት ተናገር አለው። ብሮዲ ለመነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይህን ጨዋታ ልጫወተው፣ ሳይረኑ ሲነፋ እኔው ራሴ ሄጄ ለሊጉ ሰው እናገራለሁ አለው። ክሌም አልወደደለትም፤ ግን ስምህን አላነሳም፣ አንተው ትናገራለህ ብሎ ቃል ሰጠው።

«ልነግራቸው ስሄድ ነው ሞተ ያሉኝ» አለ ብሮዲ። «ድሉን ልመልሰው ነበር፣ እማ።»

ግሌኒስ እጇን ወደ እሱ ዘረጋች። ጠረጴዛው ሰፊ ስለነበር አልደረሰችበትም፤ እሱም አልተጠጋም። ፖሊሱ ክንዷን ይዞ አስነሳት። ሆስኪንንም ሌላው ፖሊስ ወሰደው። በመካከላቸው ሲያልፉ ጠዋት አንድ ቤተሰብ የነበሩ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ።

መኪኖቹ አንድ በአንድ ከአጥሩ እየራቁ ወጡ። ክላክስ ያደረገ አልነበረም።

ድዋየር ደብተሩን ጨርቅ ውስጥ እያስገባች ወደ ሜዳው አየች። ብሮዲ በማሊያው ሰሌዳው ፊት ባለው መሰላል ላይ ወጥቷል። ስድስቱን አወረደ፤ ዜሮውን አወረደ። ሃምሳ አምስትን ግን አልሰቀለም። ከሥሩ ሮይስ መልዱን ቆሟል፤ ከንፈሩ አብጧል። ልጁ የሚያወርደውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ ከእጁ እየተቀበለ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ሣሩ ላይ ያስቀምጠዋል።