እሺ ብቻ የሚል ትእዛዝ

ሙላቴ ፍላሹን ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ ከአንዲት ቆሎ ሻጭ ተቀበለ። የቆሎው መጠቅለያ ውስጥ ነበር።

ማንም አልተከተለውም።

የመሣሪያ ነጋዴውን የይርጋን ኮምፒውተር እየጠገነ ለመረጃ ቢሮ ሁለት ዓመት ሰልሎታል። ትናንት ከቢሮው የተሰረቀ የጠቋሚዎች ስም ዝርዝር ይርጋ እጅ ገብቷል። የተቆለፈው ፋይል ይርጋ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ይርጋ ስድስት ሰዓት ላይ የይለፍ ቃሉን ይዞ መጥቶ ይከፍተዋል። የጋሳይ ከተማዋ ጠላ ሻጭ አሰለፈች ዝርዝሩ ውስጥ አለች። በደጇ የሚያልፉትን መኪናዎች እየቆጠረች የምትነግረው እሷ ነበረች። «አይዞሽ፣ ስምሽ አይወጣም» ብሎ የማለላት ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ኮምፒውተሩን ቢሰብረው ቅጂው ይርጋ ስልክ ላይ አለ። ከሁለቱም የሚያጠፋው ፍላሹ ላይ ያለው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ኮዱን ማንም ከፍቶ የሚያየው፣ ማንም የሚጨምርበት የነፃ ሥራ። የላከለት የቢሮው አለቃው ዳኛቸው ነው፤ የምስጢር ስሙ «መምህር»።

ይርጋ ቤት ገብቶ ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካና «አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠ።

«እሺ» አለ ኮምፒውተሩ።

ልማድ ሆኖበት ደግሞ አየ። ፋይሉ እንዳለ ነው።

ፕሮግራሙን ከፈተው። የትእዛዙ ስም አለ፤ ሥራው የለም። ከስሩ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «እሺ በል።» በዚህ ሙያ ገና ያልተሠራ ትእዛዝ «አልተሠራሁም» ብሎ ይጮሃል፣ ይቆማል። ጩኸቱን የሰረዘው ሰው ስም እንደ ደንቡ ከጎኑ ተመዝግቧል።

መምህር።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። ይህቺ እሺ ግን ሰው ልትበላ ነው። ሙላቴ ለዳኛቸው ደወለ።

«ትእዛዙ ባዶ ነው፣ ጋሼ።»

«እሺ ብሎሃል አይደል?»

«ብሏል።»

«እንግዲያው ዝም በል። ይርጋ የሚፈልገው ጠቋሚዎቹን ነው። አንተ ትተርፋለህ።»

ይርጋ ሊመጣ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። የጎደለውን ራሱ ይጽፍ ጀመር። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ አረመ። መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ የሚያጠፋው ማን እንደሆነ ጠየቀው። መልሱ ይርጋ ስልክ ላይ እንደሚታይ ያውቃል፤ የሌላ ሰው ስም ቢጽፍ የሚሞተው ያ ሰው ነው።

«ሙላቴ» ብሎ ጻፈ።

ዝርዝሩ ከሁለቱም ጠፋ። ባዶውን ትእዛዝ «መምህር» ከሚለው ስም ጋር ለቢሮው ላከ።

የይርጋ መኪና ደጅ ላይ ቆመ።

ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ በጓሮ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ጉና ተራራ ላይ ድንች ይለቅም ነበር። ስሙ አሁን ሞላ ነው። ቢሮው መምህርን ይዟል፤ ይርጋ ግን ሙላቴ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ እያፈላለገ ነው። አሰለፈች ጠላዋን ትሸጣለች፤ ወንድሜ የምትለው ሰው ለምን እንደቀረ አታውቅም። ይህ ከሁሉም ይልቅ አንገበገበው።

ያስጠጉት ሽማግሌ ስልካቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይኸ እንቢ አለኝ። ታውቅበታለህ?»

እሺ ምላሱ ላይ መጣች። ዋጣት።

«አላውቅም፣ አባቴ» አለና ወደ ድንቹ ጎነበሰ።