ያልተጻፉት አራት ዓመታት

አራተኛው ማሽን ሰኞ ጠዋት ተበላሸ ተባለ። ከአጣቢዎቹ አንዷ ግን ከተበላሸ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው ታውቅ ነበር። የሚሰማት ሰው ያገኘችው ያን ሰኞ ነው እንጂ።

ክፍሉ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ነው። ስድስት ትልልቅ ማሽኖች፣ አንድ ረጅም የማጠፊያ ጠረጴዛ፣ ከየሕሙማን ክፍሉ አንሶላና ጋዋን ጭነው የሚመጡ ጋሪዎች አሉበት። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «ተማሪዋ» ይሏታል። እጇ ከሳሙና በወጣ ቁጥር ብዕር ስለምትይዝ ነው።

ማሽኖቹን ካቀረበው ድርጅት የተላከው ጠጋኝ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት ነበር። ጎንበስ ብሎ ሰሌዳውን አየና፣ «ሰባ አምስት ዲግሪ ይላል። ውሃው በደንብ እየሞቀ ነው» አለ።

«ይዋሻል» አለች ተማሪዋ ከጀርባው።

«ማን? እኔ?»

«ማሽኑ። ሃምሳ ስምንት ነው።»

ዞር ብሎ አያት። ደብተሯን ገልጣ ዘረጋችለት። ቀኑ፣ የማሽኑ ቁጥር፣ አንሶላው የመጣበት ክፍል፣ የውሃው ሙቀት፣ ከታጠበ በኋላ እድፍ ወይም ሽታ ይዞ የተመለሰው ብዛት፣ ሁሉም በመስመር በመስመር ሰፍሯል። የሁለት ዓመት ጽሑፍ ነው። ሙቀቱን የምትለካው ከማሽኑ የሚወጣውን ውሃ በባልዲ እየቀዳች፣ በገዛችው ቴርሞሜትር ነበር።

ጠጋኙ የራሱን መለኪያ አውጥቶ ውሃው ውስጥ ነከረ። ሃምሳ ስምንት።

ካቻቢቴውን አንስቶ የማሽኑን ሆድ ፈታው። ሙቀት የሚያነበው ሴንሰር በነጭ የውሃ ድንጋይ ተሸፍኖ ከማሞቂያው ጋር ተጣብቆ አገኘው። ለካ ሲለካ የኖረው ውሃውን ሳይሆን ማሞቂያውን ነበር።

«አምስት ዓመት ማሽን ስጠግን በሽተኛው ራሱ በሽታው ይህ ነው ብሎ ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለ።

«እኔ ነኝ በሽተኛዋ?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ እሱ ሲያያት ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

በሳምንቱ ሴንሰሩን ለማረጋገጥ ብሎ ተመለሰ። በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ ቱቦ ላይ ብሎን ለማጥበቅ መጣ። አራተኛ ጊዜ ሲመጣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ሴት፣ «ልጄ፣ ዛሬስ የተበላሸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። መልሱን ሳይጠብቁ ሻይ አቀረቡለት። ሻዩን ከተማሪዋ አጠገብ ተቀምጦ ጠጣ።

በማይክሮባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ እንዳላት ያወቀው ያን ቀን ነው። አባቷ ታመው ቤቱ ሲናጋ መጀመሪያ የተገኘው ሥራ ይህ ነበር። አባቷ አረፉ፤ እሷ እዚያው ቀረች። የምርምር ሥራ በወጣ ቁጥር ታመለክታለች። አሥራ አንድ ጊዜ አመልክታ አንዴም አልጠሯትም።

«እስቲ የምትልኪውን ሲቪ አሳዪኝ።»

ስልኳ ላይ ከፍታ ሰጠችው። አነበበ፤ እንደገና አነበበ።

«ከተመረቅሽ በኋላ አራት ዓመት ምንም የለም። ታስረሽ ነበር እንዴ?»

«ምን ብዬ ልጻፍ? አንሶላ አጠብኩ፣ አንሶላ አጠፍኩ?»

«ያ ደብተርስ?»

«ደብተሩ የራሴ ነገር ነው። ማንም አላዘዘኝም።»

እሷ ዓይኗን ወደ ሻዩ መለሰች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማስታወቂያው ወጣ። አንድ የምርምር ተቋም በሆስፒታል ውስጥ ኢንፌክሽን እንዴት እንደሚተላለፍ የሚያጠና ረዳት ተመራማሪ ይፈልጋል። ማመልከቻ የሚቀበሉት እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቀኑ ረቡዕ ነበር። አንብባ ሳትጨርስ ለጠጋኙ ደወለች።

በምሳ ሰዓት ጠጋኙ ከማጠፊያው ጠረጴዛ ማዶ ወረቀት ይዞ ተቀመጠ።

«እኛ የጥገና ሪፖርት ስንጽፍ ሦስት ጥያቄ ነው ያለው። ምን አየህ? ምን አደረግህ? ምን ተለወጠ? እነሱን ብቻ መልሺልኝ። ምን አየሽ?»

«ከቀዶ ሕክምና የሚመጣው አንሶላ ታጥቦም ይሸት ነበር።»

«ምን አደረግሽ?»

«መመዝገብ ጀመርኩ። ከስድስት ወር በኋላ ስደምረው ችግሩ የሚበዛው ማሽኑ ከልኩ በላይ ሲታጨቅ መሆኑን አየሁ። ለእትዬ አሳየኋቸው፤ ጭነቱ እንዲቀነስ አዘዙ። የሌሎቹን ፈረቃ ሴቶችም እንዲመዘግቡ አለማመድኳቸው።»

«ምን ተለወጠ?»

ደብተሩን ገለጠች። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። «በሳምንት ሠላሳ ጭነት እንደገና ይታጠብ ነበር። አሥራ ሁለት ሆነ።»

ጠጋኙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህንን ነው ከቀጣሪዎቹ ሁሉ የደበቅሽው?»

ከዚያ በኋላ ማን እንደሚናገር ማን እንደሚጽፍ አልታወቀም። እየተሻሙ ጻፉ፤ ሰረዙ፤ ቃል ላይ ተከራከሩ። እትዬ አልፈው ሲሄዱ «ፈረቃ መምራቷንም ጻፉ፤ እኔ እመሰክራለሁ» አሉ። መጨረሻ ላይ የሥራ መደብ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ እጇ ቆመ።

«ልብስ አጣቢ» አለ እሱ ቀስ ብሎ።

ጻፈችው። ፊደሎቹን ግን በጣም አሳነሰቻቸው።

ሐሙስ ከሥራ ሲወጡ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኛት። ባንክ ቤት የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ በመኪናው ሊወስዳት ሳይታሰብ ደረሰ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጠጋኙን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ… ኢንጂነር ነው። የማሽኖቹ ድርጅት ኢንጂነር።»

ጠጋኙ የመሣሪያ ሳጥኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሰላምታ ሰጠ።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ሲቪውን ተቀብሎ አነበበ። እናታቸው ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው» እንዳሉ ነው። «ልብስ አጣቢ ብለሽ ፕሮፌሰሮች ፊት ልትቀርቢ ነው? ይስቁብሻል» አላት። ላፕቶፑን ከፍቶ አስተካከለው፤ የላቦራቶሪ ድጋፍ ሰጪ ብሎ ጻፈ። ስለ ደብተሩ የተጻፈውን ከወረቀቱ አወጣው፤ አሥራ ሁለቱንም ሠላሳውንም አወጣው። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ታይ ነበር። አትምቶ በፖስታ ሰጣት።

ዓርብ ጠዋት ጠጋኙ ወረቀቱን ሊያይ መጣ። አንብቦ ሲጨርስ አጥፎ መለሰላት።

«ወንድሜ እንደዚህ ይሻላል ብሎ ነው» አለች።

«ትናንት እኔን ኢንጂነር አልሽኝ። ዛሬ አራት ዓመትሽን ላቦራቶሪ አልሽው።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔ ጠጋኝ ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ነገ እዚያ ስትገቢ ከማን ጋር ነሽ ቢሉሽ ምን ብለሽ ነው የምታወሪው? ወይስ እኔም ከወረቀቱ እወጣለሁ?»

ከዚያ ሳጥኑን ይዞ ወጣ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንሶላ አጠፈች። አንዱን አንሶላ ሦስት ጊዜ አጠፈችው። ከዚያ እትዬ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ልውጣ? ላስገባው የነበረው ወረቀት ልክ አይደለም።»

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ እንጂ።»

ደብተሯን ብብቷ ሥር ወሽቃ ሮጠች። ማተሚያ ቤቱ ወረፋ ነበረው። ረቡዕ ጽፈው ማታ በስልኳ የገለበጠችውን አሳተመች። «ልብስ አጣቢ» የሚለውን ፊደል ግን ከሌላው ጋር እኩል አድርጋ ነው ያሳተመችው። ከደብተሩ አሥር ገጽ ኮፒ አስነሥታ አያያዘች። አውቶቡሱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ተገትሮ ሲቀር ወርዳ በእግሯ ገሰገሰች። የተቋሙ ጸሐፊ የመዝገቡን ሽፋን ልትከድን ስትል ተማሪዋ በሩን ከፍታ ገባች። ትንፋሿ አልመለስ ብሎ ስሟን እንኳ መናገር አቃታት። ጸሐፊዋ ውሃ ሰጥታት ፖስታውን ተቀበለች።

ወደ ጠጋኙ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ድርጅቱ ሄዳ ስትጠይቅ ለሁለት ሳምንት ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተልኳል አሏት። መልእክት ጻፈችለት፦ «ልብስ አጣቢ ብዬ አስገባሁ። አንተንም ኢንጂነር ማለቴ ያሳፍረኛል። ይቅር በለኝ።»

አንድ ቀን አለፈ። በሁለተኛው ቀን መልሱ መጣ። «ቃለ መጠይቁ መቼ ነው?» ይላል። ጋሪውን መንገድ ላይ ጥላ አነበበችው፤ ለብቻዋ ስትስቅ ሴቶቹ ተጠቃቀሱ።

በአሥረኛው ቀን ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። ጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት።

«ልብስ አጣቢ ነበርኩ ብለሽ ጽፈሻል።»

«ነኝ። አሁንም የመጣሁት ከሥራ ነው።»

ደብተሩን ጠየቋት። ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት። ፕሮፌሰሯ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ይህን ወር በሙሉ ሰርዘሽዋል። ለምን?»

«ቴርሞሜትሬ ተሰንጥቆ ነበር፤ ያወቅሁት ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። የትኛው ቁጥር ልክ እንደሆነ መለየት ስላልቻልኩ ሁሉንም ጣልኩት።»

ሦስቱ ተያዩ። ዳር ያሉት ሰውዬ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። ለሃያ ደቂቃ የተያዘው ቃለ መጠይቅ ከአንድ ሰዓት አለፈ፤ መጨረሻ ላይ ማጠቢያ ክፍሉን መጥተው ማየት ይችሉ እንደሆነ የጠየቁት እነሱ ነበሩ።

ያን ቀን እራት ላይ ለእናቷ እውነቱን ልትነግር ተቀመጠች። «እማዬ፣ እኔ ላቦራቶሪ አይደለም የምሠራው።»

«አራት ዓመት ሙሉ እጅሽ ሳሙና ሳሙና ሲል የማይሸተኝ መስሎሽ ነው?» አሉ እናቷ። «ላቦራቶሪ ብዬ የማወራው ለጎረቤት ነው እንጂ ለራሴ አይደለም።»

ወንድሟ ማንኪያውን እያገላበጠ አንገቱን ደፋ። «እኔም ላግዝሽ ብዬ ነው» አለ።

«አውቃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። አንድ ሌላ ነገርም አለኝ» አለችና ቀጠለች።

ከተቋሙ ስልክ የተደወለው ሐሙስ ነው። ጠጋኙ በዚያው ቀን ተመልሶ ሁለተኛው ማሽን ሆድ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቷል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። እሷ ኮሪደር ላይ ሆና ሰማች፤ «እሺ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋች። ስትገባ ሴቶቹ ፊቷን አይተው ሥራቸውን አቆሙ። በቀጥታ ሄዳ ማሽኑን በጣቷ አንኳኳች።

«ተቀበሉኝ።»

«ምን?» አለ ከውስጥ የታፈነ ድምፅ።

«ረዳት ተመራማሪ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ።»

ውስጥ አንድ ነገር ጓ አለ። ግንባሩን እያሻሸ፣ እየሳቀ ወጣ። ሴቶቹ ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመሩ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም።

«ቅዳሜ ቤት ትመጣለህ። ለእናቴም ለወንድሜም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ማሽን ጠጋኝ ነው፤ የማገባው ሰው ነው ብዬ።»

ሴቶቹ መደብደቡን ተዉት። ጠጋኙ በእጁ ያለውን ጨርቅ አየ፤ እሷን አየ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እኔ… ጠይቄሽ ነበር እንዴ?»

«አልጠየቅከኝም።» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «እምቢ ካልክ አሁን በል።»

«ልጄ፣ መልስ እንጂ» አሉ እትዬ። «አንሶላው እየጠበቀን ነው።»

እሱ ቅባቱን ከጣቶቹ ላይ አንድ በአንድ ጠረገ። ከዚያ እጇን ያዘ።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ልምጣ?»