ከመንገዱ ሥር

ግንበኛው ጃራ ሲሚንቶ የነካው እጁን በሱሪው ጠረገ። አጎንብሶ ጸሐፊዋን ጨበጣት።

«ካራ ጃላ ጂራ» አለ፤ ድምፁ እስትንፋስ ያህል ነበር።

ሌላ ጆሮ ግን ሰምቶታል።

«ካራ ይዟል» ሲል ሻምበል ወንዳፍራሽ ጮኸ። «ካራ ሲል ሰምቼዋለሁ። ያዙት።»

የዘበኛ ሰደፍ ጃራን ማጅራቱ ላይ አገኘው። ፌሮ ክምር ላይ ወደቀ። ኪሱ ተፈተሸ። ቱንቢና ቁራጭ ገመድ ብቻ።

በደም የራሰውን ሰው መኪና ላይ ጫኑት።

በሰበታና በተጂ መካከል አዋሽን የሚሻገረውን ድልድይ ያሠራ የነበረው መሥሪያ ቤት እሷን አትክልት ብሎ ያውቃታል፤ ከጎንደር የመጣች ጸሐፊ። በድብቅ የላኳት ሰዎች «ቆቅ» ይሏታል። ከድንጋይ ካባው የተሰረቀውን ድማሚት ስትፈልግ ሦስት ወር ሆናት። በምስጢር የሚረዳት ጃራ ነበር። በፍለጋው የበላይዋ ሻምበሉ ነው።

ኦሮምኛ እንደምትሰማ ግን ለሻምበሉ አልነገረችውም። ቋንቋውን ያስተማራት ሰው ከተቀበረ ወዲህ ስለዚያ ለማንም አታወራም።

በኦሮምኛ ካራ መንገድ ነው። ጃራ ያላት «ከመንገዱ ሥር አለ» ነው፤ ድማሚቱ።

ወንዳፍራሽ የሰበታ ልጅ ነው። ጠዋት ከሠራተኞቹ ጋር በኦሮምኛ ሲቀላለድ ነበር።

ካራን የተረጎመው ተሳስቶ አይደለም።

«ጉብኝቱ ይቀጥል» አለ ሻምበሉ። ሥራውን ሊያዩ የመጡት ደጃዝማችና እንግዶቻቸው መሐንዲሱን ተከትለው ወደ ድልድዩ ገቡ።

«ያለፈው ዓመት መንቀጥቀጥ ምሰሶውን ሰነጠቀው» ይላል መሐንዲሱ። «አሁን አወፈርነው። መሬት ብትናወጥም ወለሉ ተንሸራቶ አይወድቅም።»

ሻምበሉ አፋፉ ላይ ቀረ። ዓይኑ ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ አልተነሣም።

እዚያ ሰው ተደብቋል ማለት ነው፤ ብትጮህ ድማሚቱን ወዲያው ያፈነዳዋል።

ሄዳ ክንዱን ያዘች። «ሻምበል፣ ገደል ያዞረኛል። ይደግፉኝ።»

«ከዘበኞቹ ጋር ሂጂ።»

ደጃዝማቹ ዞር አሉ። «ምነው ሻምበል፣ ድልድዩን ነው ወይስ ሴቲቱን የፈራኸው?»

እንግዶቹ ሳቁ። ሻምበሉ ገባ።

መሀል ሲደርሱ ጥፍሯን ክንዱ ላይ ተከለች። ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ካራ ጃላ ጂራ።»

ክንዱ ደረቀ።

«ልቀቂኝ።»

«ከዚህ አንድ እርምጃ አንሄድም። እኔም፣ እርስዎም።»

ሊያመልጥ ታገለ፤ አልለቀቀችውም። በመጨረሻ ያልተያዘ እጁን ወደ ቁጥቋጦው አውለበለበ።

«ነገሳ፣ ተው። እኔ እዚህ ነኝ። እንዳትነካው።»

ሁሉም ሰማ።

ዘበኞቹ ጠመንጃቸውን ወደ ቁጥቋጦው አዞሩ። አንድ ሰው እጁን ወደ ላይ አድርጎ ወጣ። ከእግሩ ሥር የተዘረጋው ሽቦ የመጀመሪያው ምሰሶ ድረስ ይሄዳል።

ጃራ ሰበታ ሳይደርስ መኪናው ላይ ሞተ።

«ሬሳውን ለቤተሰቡ ስጡ። ምን እንዳደረገልን ንገሯቸው» አለች ለአለቆቿ።

«ስለ እሱ ከተነገረ አንቺም ትታወቂያለሽ» አሏት። «በወንበዴነት ተመዝግቦ ይቅር።»

በማግስቱ አትክልት ሰበታ ላይ አውቶቡስ ተሳፈረች። አንዲት ሴት ምሳ የተቋጠረበት ጨርቅ ይዛ በመስኮቱ በኩል ቀረበች። የጃራ ሚስት ድንቅቱ ናት።

«ጃራ አርጊቴ?» አለቻት። ጃራን አይተሽዋል?

«ኦሮምኛ አልሰማም፣ እህቴ።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ድንቅቱ ከኋላ መስኮት የተቀመጠውን ሰው ጠየቀች።