በዕዝራ ስክሪን ላይ የዘነበው በረዶ

የጣቢያው ላንድሮቨር ዛሬም አልነሣ አለ። ኢንስፔክተር ዱዎት ሁለት ፖሊሶች በላብ ተጠምቀው ሲገፉት ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ ተስፋ ቆረጠና በእግሩ ወደ ገበያው አቀና። ፎቶ አንሺው ፊልም የለኝም ብሎ ቀርቷል። ሐኪሙ ለሥራ ወደ አቦቦ ወርዷል። የሚያዝያ ቀትር ነው፤ ከባሮ ወንዝ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንኳ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል።

ሟቹ ዕዝራ ከገበያው ጀርባ በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ቀድሞ የሂሳብ መምህር ነበር፤ ኋላ ማስተማሩን ትቶ ወጣቱ የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚጫወትበት ቤት ሊከፍት ሲደክም የነበረ ሰው ነው። ባዶ እግሩን ነው። ለቅዝቃዜ ብሎ ሲሚንቶው ላይ ያፈሰሰው ውሃ ገና አልደረቀም። መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ጎኑ የተከፈተ ኮምፒዩተር አለ። በሟቹ የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ቃጠሎ ትታያለች።

«መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ» አለ በር ላይ የቆመው ፍሬሰንበት። የቢሮ ኮምፒዩተር ባለሙያና የዕዝራ ሸሪክ ነው፤ በዚህ ሙቀት እንኳ የሸሚዙ አንገት ተቆልፏል። «ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ጮኽኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም።»

ዱዎት ጎንበስ ብሎ የኮምፒዩተሩን ሆድ ዕቃ ተመለከተ። ዲስኩ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ማራገቢያው በሽቦ ታስሯል። በሥርዓት፣ በሚያብለጨልጭ ብሎን ጥብቅ ተደርጎ የታሰረው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። አጠገቡ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ እስከ አፉ ብሎን ሞልቶ ተቀምጧል።

«ይህ የታሰረው ምንድን ነው?»

«ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው። ሲሞክረው የነበረው እሱን ነው።»

ዱዎት የኤሌክትሪክ ዲቫይደሩን በሰንጢ ከፈተ። የክፍሉ የግድግዳ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ በዲቫይደሩ ውስጥ ያለው የመሬት ሽቦ ሥራ ፈት መሆን ነበረበት። አንድ ሰው ግን በአጭር ቁራጭ ሽቦ ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣው ሽቦ፣ ከፌዙ ጋር አገናኝቶታል። ኮምፒዩተሩ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ የሳጥኑ ብረትና የካርዱ ማቀዝቀዣ ግን ሞት ተሸክመዋል።

ይህን ጊዜ አለቃው ኮማንደር ሰብስቤ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ገባ።

«ታዲያ ይኸው! ለዚህ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጄኔሬተር የማን ነው?»

«የእኔ ነው ጌታዬ» አለ ተሰማ ከውጭ። በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወላጆቹ ጋር በልጅነቱ የመጣ፣ አሁን የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። ሚስቱ ወሯ ገብቶ አቦቦ ትጠብቀዋለች።

«ያዙት።»

«ጌታዬ፣ ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው» አለ ዱዎት።

«እኮ! ሽቦ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? ነገ ከሰዓት ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። አንተ ደግሞ ነገር አታወሳስብ።»

ዱዎት ሰንጢውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ነገሩን ያወሳሰበው እሱ እንዳልሆነ ማስረዳት ሰልችቶታል።

ፍሬሰንበት ዱዎትን ቢሮው ውስጥ ተቀብሎ ስለ ካርዱ ማስረዳት ጀመረ። ሲናገር ከአምስት ቃል ሦስቱ እንግሊዝኛ ነው።

«በአማርኛ» አለ ዱዎት። «አማርኛም ቢሆን ለእኔ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው። አንድ ሦስተኛ አትጨምርብኝ።»

«ይቅርታ። ካርዱ ፋብሪካው የወሰነለት ፍጥነት አለው። ከዚያ በላይ ስትገፋው ኦቨርክሎክ ይባላል። ጥሩ ካርድ ትርፍ አቅም ስላለው ይችላል። ደካማው ይሞቃል፣ ስህተት ይሠራል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል።»

«በአህያ ላይ ኩንታል እንደመጨመር?»

«እንደዚያ በለው። ዕዝራ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ ጨዋታ ያስኬድበታል፤ ያያል፤ ይጨምራል።»

«ካርዱስ እንዴት ነበር?»

«እንከን የለውም። አዲስ አበባ ሄጄ የመረጥኩት እኔ ራሴ ነኝ። ዕዝራም ግሩም ነው ብሎኛል።»

መብራት ጠፋ። ፍሬሰንበት በግማሽ የቀረው ሥራው ሳያናድደው ኮምፒዩተሩን ጥልፍ ያለውን የጨርቅ መሸፈኛ አለበሰው፤ ጫፎቹን አስተካከለ፤ እርሳሱን መልሶ ከእርሳሶቹ ጎን ደረደረ።

«ለሰልጣኞቼ መጀመሪያ የማስተምረው ይህን ነው» አለ። «ሥራ ማለት ሥርዓት ነው።»

ሦስተኛው ሸሪክ ነጂብ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ዱዎትን ሲያይ ከጣቃዎቹ መካከል ወጣ።

«ወንድሜ፣ እኔ ጨርቅ በጣቴ አሽቼ ጥጡን ከናይሎኑ እለያለሁ። ያንን ግን አሽተው አሽተው ምን ይለዩታል? ለጨዋታ ቤቱ በእኔ ብር ስምንቱን ካርድ የገዛው ፍሬሰንበት ነው። አንዱን ለዕዝራ ሰጠሁት፤ ሰባቱ እንደታሸጉ ይኸው ናቸው።»

«ሳታይ ነው የተቀበልከው?»

«ናሙናውንማ ፍሬሰንበት ቤት አሳይቶኛል። ወላሂ ምስሉ እሳት ነው! ቢሆንም ዕዝራን ሞክርልኝ አልኩት። እኔ እኮ ሳላሽ አልገዛም።»

«ከዚያስ?»

«ዛሬ ጠዋት መጣ። ከምሳ በኋላ ሦስታችንም እንገናኝ፣ የምነግራችሁ አለኝ አለ። ፊቱ ደስ አይልም። ምንድን ነው ብለው ሁለታችሁም ባላችሁበት ነው አለኝ።»

«ለፍሬሰንበትም ነገረው?»

«መጀመሪያ ለእሱ ነግሮ ነው ወደ እኔ የመጣው።»

«ዛሬ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ የገባ አለ?»

«ቁልፍ መቼ አለውና! እኔም ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ፍሬሰንበትም፣ ተሰማም። ይህ ከተማ እኮ በር ማንኳኳት አያውቅም።»

ዱዎት ጣቢያ ሲመለስ ተሰማ ጉልበቱን አቅፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ምናልባት የእኔ ጥፋት ይሆናል ጌታዬ።»

«ሽቦውን አንተ አገናኘኸው?»

«አላገናኘሁም። ግን ጄኔሬተሩን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ባላስነሣው ኖሮ...»

«ተሰማ!» ዱዎት የበሩን ብረት በመዳፉ መታው። «ይህን ለኮማንደሩ ደግመህ ብትል እኔ ራሴ ነኝ የማስርህ!»

ለቅሶ ቤቱ ከማንጎው ዛፍ ሥር እስከ መንገዱ ሞልቷል። የሟቹ ሚስት እታገኝ ከሴቶቹ መሃል ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ነርስ ናት። ዓይኗ ደረቅ ነው። ዱዎትን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓዳው በር መራችው።

«ዛሬ መምጣቴን ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ይጠይቁኝ። ጥያቄ ይሻለኛል።»

«ስለ ካርዱ ነግሮዎት ነበር?»

«ትናንት ልጆቹን ይዤ ምሳ ወስጄለት ነበር። ገና ምንም ፍጥነት ሳልጨምርባት በረዶ ይዘንባል አለኝ።»

«በረዶ?»

«ስክሪኑ ላይ። ነጫጭ ነጥብ። ልጆቹ ‹ጋምቤላ በረዶ ጣለ› እያሉ ሲስቁ እሱ ግን ተናዷል። ይህቺ በሌላ ስም የመጣች ደካማ ናት፤ የተሻለች ካርድ ስም ለጥፈው፣ ፍጥነቷን አስቀድመው ገፍተው ነው የሸጧት አለ። ሙቀት ሲበዛባት ድካሟን ታወጣለች አለ።»

«ብሎን ያጠብቅላት ነበር?»

የእታገኝ ከንፈር ሳቅ ሊመስል ጥቂት ቀረው።

«ዕዝራ? እየነቀልኩ የምሰካውን ለምን አስራለሁ ይላል። የዚህ በር እጀታ እንኳ ከገባን ጀምሮ በአንድ ምስማር ነው ያለው።» እጀታውን ዳሰሰችው። «ብሎን ሲያገኝ ወደ ቆርቆሮው ይጥላል። ሙቀቷንም በጣቱ ነበር የሚለካው። የልጆቹን ትኩሳት እንደሚለካው። ቴርሞሜትር አለኝ ብለው አይሰማም። ሁሉም ያውቃል፤ ይስቁበት ነበር።»

ነጠላዋን መልሳ ወደ ሴቶቹ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በዕዝራ ክፍል ተሰበሰቡ። ኮማንደር ሰብስቤ ሰዓቱን ያያል። ነጂብ ከታሸጉት ካርዶች አንዱን ይዞ ጥግ ቆሟል። እታገኝ በሩ አጠገብ ናት። ተሰማ ካቴናው በተፈታለት አንድ እጁ ጄኔሬተሩን ሊያስነሣ ሦስት ጊዜ ገመዱን ሳበ፤ ሦስቱንም ጊዜ አስሎ ጠፋ።

«ይህን ልታሳየኝ ነው የጠራኸኝ?» አለ ኮማንደሩ።

በአራተኛው ተነሣ። ዱዎት ያመጣውን ደህና ዲቫይደር ሰካ።

«አቶ ፍሬሰንበት፣ እኔ አልችልበትም። ዕዝራ ሲሞክር የነበረውን ካርድ አንተ ሞክርልን። እንከን የለውም ብለሃል።»

«በደስታ።»

ስክሪኑ ላይ የመኪና ውድድር ተጀመረ። ፍሬሰንበት ፍጥነቱን ጨመረ፤ ምስሉ ጠራ። ደግሞ ጨመረ። ክፍሉ እንደ ምጣድ ግሏል፤ መኪናዎቹ ግን እንደ ውሃ ይፈሳሉ። አንዲት ነጥብ እንኳ አልታየችም።

«አያችሁ?» አለ ፊቱ በርቶ። «እዚህ ሙቀት ውስጥ ይህን ያህል ትርፍ! የሚታማ ካርድ ነው?»

«አይደለም» አለ ዱዎት። «አሁን ደግሞ ነጂብ የያዘውን አድርግልን።»

ፍሬሰንበት ጥቂት አመነታ። «ምን ያስፈልጋል? አንድ ዓይነት ናቸው።»

«አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግር የለውም።»

ኮምፒዩተሩን አጠፋ። ካቻቢቴውን አንሥቶ የመጀመሪያውን ካርድ ብሎን ፈታ፤ ነቀለው፤ አዲሱን ሰካ። እጁ ሳያይ ወደ ቆርቆሮው ሄደ፤ አንድ ብሎን መረጠ፤ በቦታው አስገብቶ ጥብቅ አደረገው። መልሶ አበራው።

መኪናዎቹ ገና ከመነሻቸው ሳይርቁ ነጫጭ ነጥቦች ስክሪኑ ላይ መዝነብ ጀመሩ።

«ይኸው በረዶው» አለች እታገኝ ቀስ ብላ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ኮማንደሩ።

«ትናንት የሞተው ሰው ያየው ነው፣ ጌታዬ። ዕዝራ የሞከረው ካርድ እንዲህ ያለ ነበር። እኛ ያገኘነው ግን ጎበዙን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለውጦታል። መቼ? ዕዝራ በሕይወት ሳለ ቢለወጥማ ምስሉ ሲጠራ ያውቅ ነበር።»

«ገና ሳያበራው ተለውጦ ቢሆንስ?» አለ ፍሬሰንበት።

«ያኔ ብሎኑን ያይ ነበር። ይህ ሰው ዲስኩን በሲባጎ የሚያንጠለጥል ሰው ነው። የታሰረ ካርድ ቢያገኝ ፈትቶ ብሎኑን ቆርቆሮ ውስጥ ይጥለው ነበር። እኛ ስንደርስ ግን በዚህ ሳጥን ውስጥ ካሉት ሁሉ በብሎን የታሰረው ካርዱ ብቻ ነው። የታሰረው ዕዝራ ከሞተ በኋላ ነው። ዕዝራ ከሞተ በኋላ፣ ጩኸቱ ከመሰማቱ በፊት፣ እዚህ የነበረው አንድ ሰው ነው። ምንም አልነካሁም ያለን።»

ሁሉም የሚያዩት የፍሬሰንበትን እጅ ነው። ካቻቢቴው ገና እጁ ላይ ነበር።

«አሁን እንኳ እሰር ያለህ የለም» አለ ዱዎት። «እጅህ ራሱ ነው የሄደው። ሥራ ማለት ሥርዓት ነው።»

«ብሎን ማሰር ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ለነጂብ ቤትህ ያሳየኸው ናሙና የት አለ?»

ፍሬሰንበት ከሳጥኑ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን ካርድ ተመለከተ፤ ቶሎም ዓይኑን አነሣ።

ነጂብ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «እንዲህ ነውና! አንዱን እውነተኛ ገዝተህ እሱን አሳየኸኝ፤ ስምንቱን ውዳቂ አሸከምከኝ! ለምን አልነገርከኝም? ጮኼብህ እተወው ነበር እኮ። ሰው ይሞታል በዚህ?»

«የቢሮዬ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ሆኜ ልሾም ነበር፤ ይህ ቢወጣ ሹመቱ ይቀራል» አለ ፍሬሰንበት፤ ድምፁ ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። «ዕዝራን ለመንኩት። ተወው፣ እኔ በዝግታ እተካዋለሁ አልኩት። ለሁላችሁም እነግራለሁ አለ። መግደል አልፈለግኩም። ካርዱ እንዲቃጠል ብቻ ነው የፈለግኩት። ከተቃጠለ ማንም አይመረምረውም፤ ጥፋቱም የጄኔሬተሩ ይሆናል።»

ዱዎት ወደ እሱ ተጠጋ።

«የተማርከው አንተ ነህ። በመሬት ሽቦ የገባ ኤሌክትሪክ ካርዱን ያቃጥለዋል?»

ፍሬሰንበት ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ አስቀመጠ።

«ካርዱን አይነካውም። ጣቱ የት እንደሚያርፍ ግን ታውቅ ነበር። ስትስቁበት ኖራችኋል።»

ኮማንደር ሰብስቤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቁልፉን አውጥቶ የተሰማን ካቴና በራሱ እጅ ፈታ፤ በፍሬሰንበት እጅ ላይ አሰረው። «ፋይሉ ከሰዓት ይሄዳል ብያለሁ፤ ይሄዳል» ብሎ ይዞት ወጣ። ለዱዎት ሌላ ቃል አልተረፈውም። ነጂብ ካርዱን ሳይወስድ ተከተላቸው።

ላንድሮቨሩ አልነሣ ሲል ከውጭ ይደመጣል። ቀጥሎም የሚገፉት ሰዎች ድምፅ መጣ።

ተሰማ የእጁን አንጓ እያሸ በሩ ላይ ቆመ። ወደ አቦቦ የሚሄደው መኪና ሳያመልጠው መድረስ ይችላል፤ ግን አልሄደም።

«እትዬ፣ ጄኔሬተሩን ላጥፋው?»

እታገኝ ስክሪኑን ታያለች። በረዶው መኪናዎቹን፣ መንገዱን፣ ተራራውን ሸፍኖ ይዘንባል። ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ወደ ተከፈተው ሳጥን እጇን ስትዘረጋ ዱዎት ሊከለክላት አንድ እርምጃ ተንቀሳቅሶ ተወ።

የሌባ ጣቷን ጫፍ ብረቱ ላይ አሳረፈች። በሽተኛ እንደምትዳስስ ጥቂት ቆየች።

«አጥፋው ተሰማ» አለች። «በጣም ሞቋል።»