በረዶ ያልያዘው ጢም

ሆሬስ ቴሪል በረዶ ላይ በሚንሸራተተው ጋሪው እንደተቀመጠ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በብርድ ደርቆ ተገኘ። ያገኘው ድርቆሽ ጭኖ ወደ ዊኒፔግ ይገባ የነበረ ገበሬ ነው። ቦታው ከከተማው ውጭ፣ የአንድ ወና የእርሻ ቤት ደጃፍ ነበር። መርማሪ ላክላን ግሪር ሲደርስ የሟቹ የንግድ ሸሪክ ዶብስ ቀድሞት ደርሶ፣ ብርዱን ለመርሳት መሬቱን በእግሩ ይደበድባል።

«ደግሞ የምን ምርመራ ነው?» አለ ዶብስ። «ጠጥቶ እንቅልፍ ጣለው። ይቺ ፈረስ ያደገችው እዚህ ነው፤ ልጓሙ ሲላላላት ወደ ድሮ ቤቷ ይዛው መጣች። እኔማ በጥይት በላትና ተገላገል ብዬው ነበር።»

ግሪር ወደ ሬሳው ጎንበስ አለ። መንገድ ላይ ትንፋሹ የራሱን ጢም በረዶ አጋግሮበታል፤ የዶብስም ነጭ ሆኗል። የሟቹን ጢም ግን ሲዳብሰው ደረቅ ነው። ቀጥሎ ፈረሷን አየ። ነፋስ በማያገኛት የግድግዳ ጥግ ታስራለች፤ ጀርባዋ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተደርቦላታል።

«ይህን ያለበስካት አንተ ነህ?» ሲል ገበሬውን ጠየቀው።

«ኧረ አልነካኋትም ጌታዬ! እንዲሁ ሆና ነው ያገኘኋት።»

የሟቹ ሚስት አውጉስታ መርዶውን ቆማ ሰማች። እንባ አልወጣትም።

«ከራት በኋላ እኔ ወደ መኝታዬ ወጣሁ፤ ዶብስ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ባሌ ደግሞ ካርታ ሊጫወት ሊሄድ ብሎ ፈረሷን ለመጥመድ ወደ ጋጣው ወረደ» አለች። «አንድ ነገር ሌላ ሰው ሳይነግርዎ እኔው ልንገርዎ። የእንቅልፍ መድኃኒቴን ጠርሙስ ዛሬ ባዶውን አገኘሁት።»

የቤት ሠራተኛዋ ዜሊ እንጨት ታቅፋ ገባች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ሰፋሪዎች ከመምጣታቸው በፊት ምድሩን ያርሱ ከነበሩት፣ ከፈረንሳዮችና ከአገሬው ነባር ሕዝብ ከተወለዱት ከሜቲሶች ወገን ናት። ጉንጯን ውርጭ ለብልቦታል።

«ጌታሽ ሞቷል» አላት ግሪር።

«ነፍስ ይማር» አለች እንጨቱን እያስቀመጠች። ከዚያ ቶሎ ብላ «ፓሎምስ? ደኅና ናት?»

«ፓሎም ማናት?»

ዜሊ ደነገጠች። «ፈረሷን... ፈረሷን ማለቴ ነው።»

«የኛ ፈረስ ዱቼስ ናት» አለች አውጉስታ ግራ ገብቷት።

ከሰዓት በኋላ ግሪር ዶብስን፣ አውጉስታንና ዜሊን ፈረሷ በተመለሰችበት በቴሪል ጋጣ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«በዚህ ብርድ ውጭ የተነፈሰ ሰው ጢሙ በረዶ ይይዛል» ብሎ ጀመረ። «የቴሪል አልያዘም። ስለዚህ ከዚህ በር የወጣው ሬሳ ሆኖ ነው። የእንቅልፉን መድኃኒት በመጠጡ ሰጡት፤ እዚሁ ጋሪው ላይ አሸለበ፤ አልነቃም።»

«መድኃኒቱ የማን ነው ታዲያ?» ዶብስ በጣቱ አውጉስታን ጠቆመ። «ይቺው ናታ!»

«አትቸኩል። ጋሪውን የነዳው ሰው ለቴሪል አላዘነም፤ ፈረሷን ግን ብርድ ልብስ አለበሳት። አንተ ብትሆን በጥይት ትላት ነበር። እመቤት ደግሞ ዱቼስ ነው የሚሏት።» ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፓሎም!» ሲል ፈረሷ ጆሮዋን አቁማ ዞረች። «ይህን ስም የሚያውቅ እዚያ እርሻ ላይ ያደገ ሰው ነው። የቀረውን ከወንዙ ማዶ ያሉት የሜቲሶቹ ቄስ ነገሩኝ። ቴሪል ያንን እርሻ ከነፈረሷ ወስዶ፣ አንዲት መበለት በጥር አባረረ። መበለቲቱ ደጃፏ ላይ በብርድ ደርቃ ሞተች። ሴት ልጅ ነበረቻት። ዜሊ፣ ጉንጭሽን ውርጭ የበላው በእግርሽ ስትመለሺ ነው።»

ዜሊ ቀና አለች።

«እናቴን ሻሏን እንኳ አላስወሰዳትም» አለች። «እዚያው ደጃፍ አስሬ ላነቃው ነበር። ጣቶቹ ሲጠቁሩ እያየ፣ የማን ቤት እንደሆነ እንዲያስታውስ! መድኃኒቱን አበዛሁበት። እዚያ ስደርስ ሞቶ አገኘሁት። ብርድ የሚባል ሳይሰማው፣ እንደ ሕፃን ተኝቶ! መሞቱ አይደለም የሚቆጨኝ፤ አመለጠኝ።»

ግሪር ካቴናውን አወጣ። አውጉስታ ወደ ዜሊ ተጠጋች፤ በጥፊ ልትላት መስሎት ግሪር መሐል ሊገባ ቃጣ።

«ዜሊ» አለች አውጉስታ ረጋ ብላ፣ «በዚህ ወቅት መቃብር እንደማይቆፈር ታውቂያለሽ። መሬቱ እስኪላላ ሬሳ የሚቆየው እሳት በሌለው ጎተራ ነው። ዶብስ መሬቱ ወዳልቀዘቀዘበት ወደ ሆሬስ ዘመዶች አገር በባቡር ልላከውና ቶሎ ይቀበር ብሎኝ ነበር።»

ጓንቷን አጠለቀች።

«አላስልከውም። እስከ ግንቦት እዚያው ይበርደዋል።»