ናሆራ፣ የሦስቱ እናት

በዘርማና ምድር የቃንዛር ተራራ እሳት ሳይነድበት የጨሰበት ዘመን ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ንጋት ላይ፣ ሰማዩ በክንፍ ጠቆረ። ሸርማ የተባለችው የእሳት አውሬ ከተራራዋ ወርዳ የአራሶችን ቤት ጣሪያ ገነጠለች፤ የመንግሥቱን ታላቅ ሀብት፣ የፀሐይን ጠጠር፣ በጥፍሯ አንጠልጥላ ሄደች። ጠጠሩ ከዶሮ እንቁላል አይበልጥም። ነገር ግን ያለ ወራቸው የተወለዱ ሕፃናት በእሱ ሙቀት ይድኑ ነበር። ከአራስና ከሕፃን በቀር የነካውን ሰው ሁሉ ያቃጥላል።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ናሆራ በሰባት ወሯ አማጠች።

ናሆራ የሟቹ የጦር አዛዥ ታናሽ ልጅ ናት። ባሏ ኬራም ወደ ጠረፍ ዘምቷል። ሦስት ልጆች ወለደች። ሁለቱ ወንዶች እንደ ጫጩት ቀጭን ድምፅ አሰሙ። ሦስተኛዋ፣ ሴቷ፣ አላለቀሰችም። አዋላጇ እማ ሲሪን ጀርባዋን መታ መታ አደረገች፣ እፍ አለችባት፤ በመጨረሻ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለእናቷ ሰጠቻት። ፀጉሯ ጥቁርና እርጥብ ነበር። ሳያለቅስ ለሞተ ሕፃን በዘርማና ስም አይወጣም። ናሆራ ግን በልቧ ዮሳን አለቻት።

ታላቅ እህቷ ቤዛሬ ከአንድ ወር በፊት መንታ ወልዳለች፤ ወራቸውን የጠበቁ፣ ጉንጫቸው የሞላ። ያኔ ሰፈሩ በእልልታ ተናውጦ ነበር። አሁን ጎረቤቶች ወደ ናሆራ አልጋ ጠጋ እያሉ «አይዞሽ፣ አንቺም እንደ እህትሽ መንታ አለሽ» ይሏታል። ቃሉ ይወጋታል። የቤዛሬ ሁለት ሙሉ ነው፤ የእሷ ሁለት ጎዶሎ ነው። የእህቷ ልጆች በወዲያኛው ክፍል ሲያለቅሱ ጆሮዋን በትራሱ ትደፍን ጀመር።

በማግስቱ የሕፃናቱ እግር ቀዘቀዘ። እማ ሲሪን «ጠጠሩ ካልተመለሰ ሳምንቱን አይዘልቁም» አለች።

ቤዛሬ ተነሣች። «እኔም አራስ ነኝ፣ አያቃጥለኝም። አንቺ ገና ደምሽ አልደረቀም። እኔ ልሂድልሽ፣ እታለም።»

ናሆራ ቀና ብላ አየቻት። የእህቷ ወተት ቀሚሷን አርሶታል። «ሁለት ደኅና ልጆች ይዘሽ የእኔንም አዳኝ ልትባዪ ነው? አይሆንም። አንቺ ወተትሽን በጥጥ እያንጠባጠብሽ ልጆቼን አቆዪልኝ።» ልጆቿን ትታ የምትሄደው ለዚያችው ሴት ጡት ነበር። ቢሆንም እጇን በአባቷ ጦር ላይ ጭና ማለች፦ «የፀሐይን ጠጠር ሳልይዝ የዚህን ቤት ደፍ ብረግጥ፣ ይህ ጦር ወደ እኔ ይዙር።»

የአባቷ አሽከር የነበረው ሽማግሌው ጦረኛ ድርባን በበቅሎ አስቀምጧት ወጣ። በገደሉ መንገድ የጥላ ጅቦች የወሊድ ደም ሸቷቸው ተከተሉ። ከጠባቡ የድንጋይ ድልድይ ሲደርሱ ድርባን ዞሮ ቆመ። «ሂጂ ልጄ። እኔ እዚህ እይዛቸዋለሁ፤ አባትሽ ቢኖር እሱም ይህን ነበር የሚያደርገው» አለ። ናሆራ የጋሻውን ድምፅ ከኋላዋ እየሰማች፣ ሆዷን በመቀነት አጥብቃ፣ የአባቷን ጦር ይዛ፣ ብቻዋን በበቅሎዋ ወጣች።

ሸርማ በዋሻዋ ተኝታ ነበር፤ ቅርፊቷ ደብዝዟል። በክንፏ ሥር፣ ጠጠሩን ከበው፣ ያለ ጊዜያቸው የተፈለፈሉ ግልገሎች ተኮልኩለዋል፤ ቆዳቸው ስስ ነው፣ ዓይናቸው አልተገለጠም። ናሆራ ቆጠረቻቸው። ሦስት ናቸው። ሦስቱም ይተነፍሳሉ።

በእህቷ ላይ እንኳ እንዲህ ቀንታ አታውቅም። አውሬ ሆና ሦስቱንም ይዛለች። ጦሩን አነሣች፤ ያነጣጠረችውም በእናቲቱ ላይ ሳይሆን በትንሿ ግልገል ላይ ነበር።

ሸርማ ከተኛችበት አልተነሣችም። «ስንት ወለድሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚቆጥሩላት የተረፉላትን ነው። «ሦስት» አለች። «ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ሴቷ ዮሳን ትባላለች። ሞታለች።»

«ያለ ወሯ?»

«ያለ ወሯ።»

«የእኔም ያለ ወራቸው ናቸው» አለች ሸርማ። «ጠጠሩ አሞቃቸው፤ እኔ ግን አርጅቻለሁ፣ ጡቴ ደርቋል። የሰው ወተት ቢቀምሱ የራሳቸው እሳት ይበራላቸዋል፤ ያኔ ጠጠሩን ውሰጂ። አልዋሽሽም፤ የሸርማን ልጅ ያጠባች ሴት ወተቷ ዳግመኛ አይመለስም። ወይም ግደዪንና ውሰጂው። የምከላከልበት ጉልበት የለኝም።»

ናሆራ ብትገድላት ወተቷ ይተርፋታል፤ ልጆቿም ከቤዛሬ ጡት ይላቀቃሉ። ይህን እስኪያማት ድረስ ተመኘችው። ትንሿ ግልገል ግን አፏን ከፍታ ታጣጥር ነበር፤ ድምፅ የላትም። ናሆራ ያን ዝምታ ታውቀዋለች። ጦሩን ከዋሻው ግድግዳ አስደግፋ ተቀመጠች፤ በትንሿ ጀምራ ሦስቱንም አጠባች። የመጨረሻው ሲጠግብ በሦስቱም ጉሮሮ ውስጥ ቀይ ብርሃን ቦግ አለ። ጡቷ እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠለጠለ። ጠጠሩን ከመካከላቸው አንሥታ በእቅፏ ይዛ ወረደች።

ድርባን በድልድዩ ላይ ወድቆ አገኘችው። ከፊቱ የሞቱ ጅቦች ተረፍርፈዋል፤ እሱም ሞቷል። ዓይኑን ከደነችለት፤ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው፤ በቅሎዋን እየጎተተች አለቀሰች።

ስትመለስ የዘርማና ንጉሥ በአደባባይ ከበሮ አስመታላት። «ናሆራ ሆይ፣ ያለ ወሩ ለሚመጣ ሕፃን ሁሉ እናት ሆነሻል» አላት። እጅ ነሥታ ጥድፍ ጥድፍ እያለች ወደ ቤቷ ገባች።

ጠጠሩ በልጆቿ መካከል በተቀመጠ በሁለተኛው ቀን የሁለቱም እግር ሞቀ፤ የታላቁ ልጅ ጉንጭ ቀላ። ቤዛሬ አነሣችው። ልጁ አፉን ከፍቶ ፈለገ፣ ጡቷን ያዘ፣ ሳበ። በጥጥ ሲጠጣ የሰነበተ ልጅ በራሱ ጠባ። ናሆራ ከበሩ ቆማ አየች፤ እጇ ሳታስበው ወደ ደረቀው ጡቷ ሄደ።

«ቀንቼብሻለሁ» አለች። «ከወለድሽ ጀምሮ። አሁንም እየቀናሁ ነው፤ የሚለቀኝም አይመስለኝም።»

ቤዛሬ ዓይኗን ከሕፃኑ አላነሣችም። «አውቃለሁ፣ እታለም። ቅኚ። ግን በር ላይ ቆመሽ አይሁን። እዚህ አጠገቤ ተቀምጠሽ ቅኚ።»

ናሆራ ገብታ ተቀመጠች። ልጁ ጠግቦ ሲለቅ ቤዛሬ ወደ እሷ አሳለፈችው። ናሆራ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጀርባውን ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችው፤ አገሣና አንገቷ ሥር ተኛ።